ለበሬ የተዋሰችው ድምፅ

ከቀትር በኋላ ቆቦን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ ሜዳው ከሩቅ ሲያዩት ውኃ የተኛበት ይመስላል። የምሠራባት የሙዚየም ክፍልም አብራ ታንቀላፋለች። ከባህል ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ያለች አንድ ክፍል ናት። ጋሻ፣ ገንቦ፣ የወፍ መጠበቂያ ወንጭፍ አለባት፤ አንድ ኮምፒውተርም አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በየመንደሩ እየዞረ የቀዳቸው ድምፆች ተቀምጠዋል፦ የአጨዳ ዘፈን፣ ሙሾ፣ የእርሻ እንጉርጉሮ። ጎብኚ ሲጠፋ፣ ማለትም አዘውትሮ፣ አንዱን ከፍቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰው አለመምጣቱ ግን ያናድደኝ ነበር። ዕቅዳችን ላይ «ተደራሽነትን ማሳደግ» የሚል ተጽፏል፤ እኛ በር ከፍቶ መቀመጥን ተደራሽነት ብለነዋል።

ሰኔ ውስጥ አንድ የገበያ ቀን፣ አንዲት አሮጊት ገቡ። ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ ከለከልኳቸው። ጋሻውንም ገንቦውንም ዞር ብለው አላዩም።

«የባሌ ድምፅ እናንተ ዘንድ ነው አሉኝ። ሲያርስ ቀድታችሁታል። አምና ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። አውሱኝ።»

ልክ ወንፊት እንደሚዋስ ጎረቤት ነው የተናገሩት። ናፍቀው መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው።

«ለኔማ አይደለም፣ አንቺ ልጅ። ለበሬው ነው።»

ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሬው ለግሟል። አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ሲጠምደው ጥቂት ይራመድና ትልሙ ላይ ይተኛል። መቱት፣ ለመኑት፤ እምቢ አለ። ዝናቡ ደግሞ ገብቷል። አማችየው ለሥጋ ነጋዴ ሊሸጠው ቆርጧል፤ እሳቸው እስከሚመጣው ገበያ ድረስ ብቻ ታገሠኝ ብለውታል።

«በጁ ያሳደገው ነው» አሉ። «ድምፁን ከሰማ ይነሣል። ካልተነሣ ይታረዳል። የሱን በሬ ሥጋ ቤት ተሰቅሎ አላይም፣ ወላሂ!»

በሬ ከአራጁ ይውላል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ከማንም ጋር አልውልም ያለ በሬ ነው። ሳላየው ወደድኩት።

የተቀዳ ድምፅ ያለ ፈቃድ ከክፍሏ ስለማይወጣ ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። «ሙዚየሙ ለሰው እንጂ ለበሬ ተከፈተ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ግትር ነኝ። ዕቅዱን አውጥቼ ተደራሽነት የምትለዋን ቃል በጣቴ አሳየሁት፤ በሬን አይጨምርም የሚል የለበትም።

«በይ ውሰጂው፤ ብቻውን ግን አትላኪው፣ አብረሽ ሂጂ» አለኝ። «ሪፖርቱ ላይ ተጠቃሚ አንድ በሬ ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

ድምፁን ሚሞሪ ላይ ገለበጥኩ። ከመንገድ ዳሩ ሙዚቃ ቤት ማጉያ ተዋስኩ፤ የአይጥ መርዝ ሻጮች ገበያ ላይ የሚጮኹበት ዓይነት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ዋጃ ሄድኩ። አማችየው መንገድ ዳር ጠበቀኝ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ይስቅብኛል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከማሳው ላይ ቀጭን እንፋሎት ይነሣል፤ ተራራውም ግራሩም እግር የሌላቸው ይመስላሉ። በሬዎቹ ተጠመዱ። ማጉያውን ቀንበሩ ላይ አሰርነው። ቀዩ የሟቹ በሬ እንደ ልማዱ ትንሽ ሄዶ ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል ድምፁን ከፈትኩት።

ደረቅ፣ ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ግማሹ ውዳሴ፣ ግማሹ ስድብ። በሬው ጆሮውን አቆመ። አንገቱን ጠምዝዞ እርፉን የያዘውን ሰው አየ። ከዚያ ሄደ። በቃ፣ ሄደ። በሕልሜ ይሁን በውኔ እንጃ፤ ሟች ከፊት እየዘፈነ ሕያው ከኋላ ያርሳል። ሴትዮዋ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ማሳው መሀል ሲደርሱ ድምፁ «ዙር!» አለ። በሬው ዞረ። ገና ግማሽ ማሳ ይቀረው ነበር። አማችየው ጮኸ፣ ጎተተ፤ ማን ሰምቶት! ለካስ ድምፁ የተቀዳው ከዚህ የጠበበ ሌላ ማሳ ላይ ነው። ሰውየው በዚያኛው ማሳ ልክ «ዙር» ባሉ ቁጥር በሬው እዚህ መሀል ሜዳ ላይ ይዞራል። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አማችየውም ሳቀ።

«ተወው» አሉ ሴትዮዋ ከጥላው ሥር። «እሱ ዙር ባለበት ይዙር።»

እንዲህ እየዞረ ግማሽ ማሳ ታረሰ። እንፋሎቱ ተገፈፈ፣ ፀሐይዋም ከረረች። ዘፈኑ ቆመና የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ቀረ። እኔ እዚያ ድረስ ሰምቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ በመሀል እንቅልፍ ይወስደኛል። ከዚያ ድምፁ፣ ለሰው እንደሚነገር ዝግ ብሎ፣ «በል በቃህ፣ ደክመሃል» አለ። አጠገቡ ለነበረ ሰውም «ፍታው» አለው። ቅጂው አለቀ።

በሬው ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተኛም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀንበሩ እስኪወርድለት ይጠብቃል።

«ከመጀመሪያው ድገሚው» አለኝ አማችየው።

እጄን ወደ ማጉያው ስሰድ ሴትዮዋ ደረሱ። «አትንኪው» አሉኝ። በሬውን በገዛ እጃቸው ከቀንበሩ ፈቱት።

«እማማ፣ ማሳው ግማሽ ቀረ እኮ። ነገስ?»

«ነገ የሰው በሬ ትለምናለህ። በቃህ ተብሏል፤ አልሰማህም?»

ከዚያ ግንባራቸውን በሬው አንገት ላይ አስደግፈው አለቀሱ። ቀና ብለው ዝም ላለው ማጉያ፣ «ምነው ለኔም አንድ ቀን እንዲህ ብለኸኝ ቢሆን» አሉት። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

 አማችየው ስልኩን አወጣና ለሥጋ ነጋዴው ደወለ።

«አይሸጥም» አለው። «ባለቤቱ ፈቶታል።»