ያልጻፍኳት ቫልቭ

ሰበታ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል በረዳትነት የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነበር። የፈረቃው ኃላፊ ኦቦ ጉተማ “አካም ጅርታ” ብለው ሰላም አሉኝና በቀጥታ ወደ ማቅለሚያ ክፍል የሚሄደውን የእንፋሎት ቧንቧ አሳዩኝ። ቧንቧው ከግድግዳው ጀርባ ዝቅ ብሎ ይታጠፋል። ሥራ ቆሞ ሲቀዘቅዝ እጥፋቱ ላይ ውሃ ይጠራቀማል። ውሃው ሳይወጣ እንፋሎት ከተለቀቀ፣ ተገፍቶ ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ለማስወጫ የምትሆን ትንሽ ቫልቭ እሳቸው ራሳቸው በይደው ገጥመዋል፤ ፕላኑ ላይ የለችም።

“መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ዋናውን” አሉኝ። የዚያን ቀን ሌላ ነገር አላስተማሩኝም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይኸው ሆነ፦ ጥቁሩን ነዳጅ አሙቆ ማቅጠን፣ በርነሩን መለኮስ፣ የውሃውን ልክና የግፊት መለኪያውን ጌጅ በየሰዓቱ መመዝገብ። ኦቦ ጉተማ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ያዝኩ። ቦይለር ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሠራተኞች ነበርን።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። መንግሥት ፋብሪካዎች ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞሩ እያበረታታ ነው፣ ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው፣ ጭሱ ይቀራል፣ ሥራው ይሰፋል አለን። ከስድስታችን ማን ሥራው ላይ እንደሚቆይ ጠየቅኩት። ማንም አይቀነስም አለ። ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጠን ብጠይቀው ሰዓቱን አየና ስብሰባውን ዘጋ። ያኔውኑ ጠረጠርኩ።

በሳምንቱ ኢንጂነር ሄለን መጣች። አዲሱን የኤሌክትሪክ ቦይለር የምታስተክለው እሷ ነበረች፤ በየቀኑ ከቡራዩ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትመጣለች። ደብተር ሰጠችኝና፣ ስለ እንፋሎት መስመሩ የማውቀውን ሁሉ እንድጽፍላት በትሕትና ለመነችኝ። ትሕትናዋንም ጠረጠርኩት። እውቀቴን ወስደው በር ሊያሳዩኝ ነው አልኩ።

አሥር ገጽ ያህል ጻፍኩ። ያችን ቫልቭ ግን አልጻፍኳትም። ጓደኞቼም እኔን አይተው ዝም አሉ።

የአዲሱ ቦይለር ሙከራ በተደረገበት ጠዋት ሄለን ዋናውን ቫልቭ ቀስ ብላ ከፈተች። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። ቧንቧው ጮኾ ያስደነግጣታል፣ ከዚያ ምክንያቱን ልትጠይቅ ወደ እኔ መምጣቷ አይቀርም ብዬ ነበር። ቧንቧው ሦስቴ ተመታ። ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ ተፈናጠረና የፈላ ውሃ አልማዝ ክንድ ላይ ፈሰሰ። አልማዝ ጨርቅ ነካሪ ናት፤ ከእኔ ጋር አንድ ሰርቪስ ነው የምንሳፈረው።

ክሊኒኩ በር ላይ ለሄለን እውነቱን ነገርኳት።

“ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ታደሰ?”

“እኔን አውጥተው በጻፍኩት ሊሠሩ ነው ብዬ።”

“ሥራ ላይ የሚቆዩትን ሰዎች ዝርዝር አስተዳደሩን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ” አለች። “አልሰጡኝም። የእኔም ኮንትራት ተከላው ሲያልቅ ያበቃል።”

ሥራ አስኪያጁን መጠርጠሬ ትክክል ነበር። እሷን መጠርጠሬ ግን አልማዝን አቃጠለ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ አልተከራከርኩም።

ከዚያ ቫልቯን ጻፍኳት፣ ሄለንም ፕላኑ ላይ አስገባቻት። ሠራተኛ ማኅበሩ ማን የት እንደሚመደብ የሚያሳየው የቦታ ድልድል ተፈርሞ ካልመጣ ርክክቡ ላይ አንፈርምም አለ፤ ሄለንም ያለ ቦይለር ኦፕሬተሮቹ ፊርማ አላስረክብም አለች። ወረቀቱ በሁለት ሳምንት መጣ። አራታችን ሠልጥነን አዲሱ ቦይለር ላይ ቀረን፣ አንዱ ወደ ጥገና ክፍል ተዛወረ። ስድስተኛው፣ በቀለ፣ ጊዜው ሳይደርስ ጡረታ እንዲወጣ ተደረገ። ማንም አይቀነስም የተባለው ነገር እስከዚህ ነበር።

እንፋሎቱ ስለማይዋዥቅ ማቅለሚያ ክፍሉ ሁለተኛ ፈረቃ ከፈተና ከሰበታና ከፉሪ ሴቶች ተቀጠሩ። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አሮጌውን ቦይለር እንዳይነቅሉት የተከራከርነው ለዚህ ነበር፣ ግን ነቀሉት። ያ ፈረቃ ይቆያል ብዬ እስከ ጡረታዬ ድረስ አላመንኩም። እስከ ዛሬ ግን አለ። አልማዝ ክንዷ ላይ ጠባሳ ቢቀርም እዚያው ክፍል የፈረቃ ተቆጣጣሪ ሆናለች። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ብዙ አናወራም።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ማሽን ሲቀየር ማን ሥራው ላይ እንደሚቆይ በጽሑፍ ጠይቁ። ስለ መስመሩ የምታውቁትን ግን መልሱ እስኪመጣ ብላችሁ ደብቃችሁ አትያዙ።