የታንኮቷ ክፍልና የወተት ሻይ

ቲካራም ልብስ ሰፊ ነው። እናቱ ከሞተች አምስት ወሯ ነው፤ እንደ አገሩ ደንብ ዓመት እስኪሞላት ነጭ ይለብሳል፣ ወተት አይቀምስም። የካትማንዱ አከራዮች ግን ሐዘንተኛ ቤታቸው እንዲገባ አይወዱም። ሦስቱ ነጩን አይተው መልሰውታል። ከከተማው ዳር፣ ታንኮት፣ ክፍል የሚያከራዩት እትዬ ግያኒ ዘንድ ሲሄድ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ነበር።

የክፍሉ መስኮት የሰናፍጭ ማሳ ያያል። ቢጫ አበባው ተራራውን ሊወጣ የተነሳ ይመስላል። ቲካራም ልቡ እዚያው ቀረ።

እትዬ ግያኒ አስቀምጠው የወተት ሻይ አስጨበጡት። "ጠጣ እንጂ! ዛሬ ጠዋት ከማረባት ጎሼ ያለብኩት ነው።"

ቢጠጣ እናቱን፣ ባይጠጣ ክፍሉን ሊያጣ ነው። ጨጓራዬን ያመኛል ሊል አስቦ ብርጭቆው ላይ አፈጠጠ።

"ምን ታፈጣለህ? መርዝ መሰለህ?"

ጃኬቱን ከፈተው። ለምን እንደከፈተው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሴትዮዋ ነጩን ሹራብ አዩ። "እናትህ ናት?" አሉና ብርጭቆውን ነጥቀውት ገቡ። ይሂድ ይቆይ ግራ ገባው።

ጥቁር ሻይ ይዘው ተመለሱ።

"ስንት ወር ቀረህ?"

"ሰባት፣ እትዬ።"

"ጉድ ነው! ሰባት ወር ሙሉ ሁለት ዓይነት ሻይ ላፈላ ነዋ!" አሉና ቁልፉን ጭኑ ላይ ጣሉለት።