ስደተኞቹን ያጠበችው ቀለሟ

የስድሳ ስድስቱ ክረምት ነቀምቴ ላይ ገና በግንቦት ገባ። ቆርቆሮው ሌት ተቀን ይጮሃል፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ተሰጥቶ አይደርቅም፤ የሰው ልብ ራሱ የረጠበ ይመስል ነበር። ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ስደተኞች በጭነት መኪና የመጡት በዚያ ዝናብ ነው። አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አድረው ለሰፈራ ወደ አንገር ቆላ ያልፋሉ።

እነሱን የምታጥበው ቀለሟ ነበረች፤ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት። በበርሜል ውሃ ታፈላለች፤ ጆንያ ሰፍታ በጋረደችው ጥግ ሴቶቹን አንድ በአንድ ታስገባለች። "አምስት አምስት አስገቢና ጨርሺ" የመጋዘኑ ሰዎች ሲሏት፣ "ከብት መሰሏችሁ?" ትላለች። ማታ ወገቧ አልዘረጋ ይላታል።

አንድ ጠዋት የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጉሉማ መጣ። የቅማል ትኩሳት ገብቷልና ራሱን ያልተላጨ መኪና ላይ አይወጣም አለ። ሁሉም ተላጩ። ወሰኔ የምትባል ቀጭን ሴት ብቻ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

ቀለሟ ደክሟት ነበርና ተቆጣች። "አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ሁሉ መከራ ላይ ቁንጅና አማረሽ?"

"ቁንጅና አይደለም እቴ። ባሌ በሌላ መኪና ተጭኖ ቀድሞኛል፤ አንገር ይጠብቀኛል። ጠጉሬን ከተላጨሁ እኮ እርሜን አወጣሁ ማለት ነው። በቁሙ ልቅበረው?"

 ባሏ የሞተ ጊዜ ቀለሟም ተላጭታ ነበር። ወደ ጉሉማ ዞረች።

"መኪናው መቼ ነው የሚነሳው?"

"በዘጠኝ ሰዓት። አዮ፣ እናቴ፣ አንዲት ቅጫም ባገኝባት ትቀራለች፤ ሌላ መኪና ደግሞ የለም።"

"ያንተ ጎፈሬ ቢፈተሽ ስንት ይገኝ ይሆን!"

ሴቶቹ ሳቁ። ጉሉማም ሳያስበው ራሱን አከከ።

ቀለሟ የወሰኔን ጠጉር ላምባ ቀባችው፤ በጨርቅ ጠቅልላ አቆየችው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበችው። ከዚያ ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ ዘለላ በዘለላ አበጠረችው፤ ማበጠሪያው ያለፈውን በጥፍሯ ለቀመች። ምሳም አልበላች። ዓይኗ ሲፈዝ ያየች ወሰኔ "ተይው በቃ፣ ልላጭ" አለቻት።

"ዝም በይ። አንገትሽን ብቻ አታንቀሳቅሺ።"

በዘጠኝ ሰዓት ጉሉማ ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ ፈለገ፣ ፈለገና አጣ። "ትሂድ" አለ። ወሰኔ ሻሿን አስራ ተሳፈረች። ቀለሟ ቆማ መሸኘት አቅቷት፣ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠች እጇን አነሳች። ወሰኔ ባሏን ታግኘው አታግኘው፣ ነቀምቴ የሰማ የለም።

መጋዘኑ ሲዘጋ ቀለሟም ወገቧ ስለከዳት አጠባ ተወች። ለመጨረሻ ጊዜ ወሬዋ የተሰማው በስድሳ ሰባት ጥቅምት ነው፤ እዚያው ወለጋ፣ ኑኑ ቁምባ፣ እህቷ ቤት ነበረች።