በሼህ እንድሪስ ጥርስ ውስጥ የቀረችው መርፌ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ደምሰው የጥርስ መሣሪያ የያዘ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ከፍተው አሳዩኝ። ጉጠቶቹ ደህና ነበሩ። የጥርስ ሥር መጥረጊያ መርፌዎቹ ግን ጥምዛቸው ላልቷል። ይህቺ መርፌ ከስፌት መርፌ የቀጠነች፣ ዙሪያዋን የተጠመዘዘች ናት፤ ጥምዟ ከላላ ሥር ውስጥ ትሰበራለች። ደሴ ላይ ሙያውን ያስተማረኝ የጥርስ ሐኪም በየጠዋቱ መርፌዎቹን በመስኮት ብርሃን እያየ የላላችውን ይጥል ነበር።

«እነዚህማ መጣል አለባቸው» አልኳቸው።

«ያልተሰበረ የመንግሥት ንብረት አይጣልም። ስትሰበር አምጣና ሌላ ትወስዳለህ» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፤ ከዚያ የባሰ የደደብ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም። የሚያናድደኝ ግን እኔም «እሺ ጌታዬ» ብዬ ሣጥኑን መቀበሌ ነው።

ክሊኒኳ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ነበር፤ ስሟን ልተወው። እኔ ቁስል የማጥብ፣ መድኃኒት የምሰጥ ድሬሰር ነበርኩ፤ ጥርስ የሚነካ ከእኔ በቀር አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ሼህ እንድሪስ መጡ። በወረኢሉ አቅጣጫ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ከየአገሩ ሊማሩ የመጡ ደረሶች በዙሪያቸው የሰፈሩላቸው ሰው ናቸው። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ሥሩ መግሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ነቅዬ እሸኘው ነበር። ሼሁ ግን ጉጠቱን ሲያዩ እጄን ለቀም አደረጉኝ።

«አረ በአላህ! ይቺ ከወለቀች ምን ይዤ ላስቀራ ነው? በዚች ጥርስና በምላሴ ጫፍ የማወጣቸው ሦስት ሐርፎች አሉ። ፊደሉ ከተበላሸ ትርጉሙ ይበላሻል። ነፋስ እያስወጣሁ ላስተምር ልጄ?»

«እንግዲያው ሥሩን ጠርጌ እደፍንልዎታለሁ።»

«መርሐባ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ከእነዚያ ከላሉት መርፌዎች አንዷን አነሳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሳዞራት ጣቴ ላይ ቀለለችኝ። ስስባት ያለ ጫፏ ወጣች።

ወደ ጓዳ ሄጄ ለአቶ ደምሰው ነገርኳቸው። በሩን ዘጉት። «ድፈነው! የባላገር ሰው ምን ያውቃል? ብትነግረው ነገ አገሩ ሁሉ መርፌ ቀርቅረው ሰደዱን ይለናል» አሉ።

ደፈንኩት። ሼህ እንድሪስ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከወር በኋላ፣ ረመዳን በገባ በሳምንቱ፣ ዘመዶቻቸው በበቅሎ ደግፈው አመጧቸው። ፊታቸው አብጦ አንድ ዓይናቸው ተከድኗል። ማስቀራት ካቆሙ ሰንብተዋል። ደረሶቻቸውም ሌላ ሼህ ፍለጋ ተበትነዋል።

አቶ ደምሰው ከበሩ ላይ ቆመው «ንቀለውና ይገላገል» አሉ። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ።

«ሼሁ፣ ያን ቀን ጥርስዎ ውስጥ መርፌ ሰብሬ አስቀርቻለሁ። ሳልነግርዎ ደፈንኩት። ዝም በል ያሉኝም እኒህ ናቸው» አልኩ።

አቶ ደምሰው ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ሼሁ ያበጠ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉ።

«ማውጣት ትችላለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም። እሞክራለሁ።»

«ሞክር።»

ድፍኑን ከፍቼ መግሉን አፈሰስኩ። እብጠቱ እስኪጎድል፣ ደሴ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ደብዳቤ ሰጥቼ ከአስተማሪዬ አዲስ መርፌዎች አስመጣሁ። ወንበሩንም ወደ መስኮቱ አዞርኩት።

ሼሁ ሻል ሲላቸው ጾሜን አልፈታም ስላሉ፣ ጠብታ ውሃ እንዳትወርድ በጥጥ እየመጠጥኩ ነበር የምሠራው። በመጀመሪያው ቀን የሥሩን አፍ አሰፋሁ፤ የብረቷ ጫፍ ብልጭ ስትል አየኋት። ቀጭን መርፌ በጎኗ ሾልኮ እስኪያልፍ ጠዋቱ አለቀ። በማግስቱ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ መርፌ በሌላ በሌላ ጎኗ አስገባሁ። ሦስቱን እንደ ሹሩባ ጠምዝዤ ብስባቸው አመለጠችኝ። ሼሁ ጣታቸውን መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሐቸው ላይ እንዳደረጉ «ይበቃል ለዛሬ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ጠመዘዝኩ፤ ሳብኩ፤ ወጣች። ርዝመቷ ከገብስ ፍሬ አይበልጥም።

መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ምላሳቸውን ጥርሳቸው ጫፍ ላይ እያሳረፉ ሦስቱን ሐርፎች አንድ በአንድ አወጧቸው። ጥርት ያሉ ነበሩ። እኔ ሞኙ ምርቃት ጠበቅኩ።

«ያን ቀን ብትነግረኝ እስክታወጣት ያኔውኑ እቀመጥልህ ነበር። ጥርሴን መለስክልኝ። ደረሶቼንስ?» አሉኝ።

ሥሩን ጠርጌ እንደ አዲስ ደፈንኩላቸው። 

አቶ ደምሰው በአለቃው ላይ አፉን ከፈተ ብለው ወደ አቀስታ አስዛወሩኝ። እሳቸው እዚያው በሹመታቸው ቆዩ፤ ሣጥኑም እንደዚያው።

ከእኔ በኋላ ለመጣችሁ የምለው ይህ ነው፤ የላላች መርፌ ጥርስ ውስጥ አታግቡ። ከተሰበረችባችሁ በሽተኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ንገሩት። አለቃ ይቆጣል። ይቆጣ።