ቡችላዬና የጎረቤቴ መስገጃ

መካነ ሰላም የተከራየሁት ቤት አንድ ክፍል ነው። ወለሉ አፈር ስለሆነ በየሳምንቱ በእበት እለቀልቀዋለሁ። ቡችላውን ከወግዲ ያመጣሁት ለሥራዬ ነው። የእህል መጋዘን ዘበኛ ነኝ፤ ሲጠና አብሮኝ ያድራል ብዬ ነበር። እስከዚያው ውጭ ቢያድር ጅብ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አስተኛሁት።

ችግሩ ሽንቱ ነበር። ጠዋት ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት ጭራውን ሆዱ ሥር ከትቶ ይመጣና እግሬ ሥር ይሸናል። ጥግ ፈልጎ ቢሸና ምንም ባልመሰለኝ። እያየኝ!

"ንቆኛል" አልኩት አብሮኝ ለሚጠብቀው ሰውዬ።

ሳቀብኝ። "ቤትህን በእበት ለቅልቀህ ስታበቃ መሽናት ክልክል ነው ትለዋለህ? ምን ያርግ!" ሳቁ ሲበርድለት እዚህ አገር ሁሉም የሚያውቀውን መድኃኒት ነገረኝ። "አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እሸውና በአርጩሜ ግረፈው። ያባቴ ውሾች በሙሉ የሠለጠኑት እንዲያ ነው።"

አደረግሁት። ጠዋት ጠዋት እያሸሁ ገረፍኩት። ባሰበት። የቁልፉን ድምፅ ሲሰማ ይለቀው ጀመር። እኔም ባሰብኝ። ንቀትን አሳምሬ አውቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየቢሮው አውራ ጣቴን ቀለም ሲያስነክሩኝ ከጠረጴዛው ወዲያ የሚሳቀውን እየሰማሁ ኖሬያለሁ። ያን ሁሉ ችዬ ደግሞ ውሻ ይናቀኝ?

ጎረቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም እናት ናቸው። በረንዳችን አንድ ነው። ውሻ ነጃሳ ነውና አይነኩትም። ሆኖም አከራዩ "ውሻ አልፈልግም" ሲል፣ "ተወው፣ እኔ ካልከፋኝ አንተን ምን አገባህ?" ብለው ያስፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ጠዋት አርጩሜውን ሳነሳ ቡችላው በእግሮቼ መሀል ሾልኮ ወጣ። እማማ በረንዳው ላይ የረፋድ ሶላታቸውን ይሰግዱ ነበር። መስገጃው ላይ ወጣና ቀሚሳቸው ሥር ተሸጉጦ እዚያው ሸና። ሶላታቸውን አቋርጠው ቀና ሲሉ እኔን አዩ።

"አፉ በሉኝ እማማ። ዛሬውኑ ደጎሎ በሚሄድ መኪና ጭኜ እጥለዋለሁ!"

"ለምን?"

"ንቆኛላ! እያየኝ ነው እኮ የሚሸናው።"

"ወላሂ፣ አንተ ሰው ጤናም የለህ። ቀን በሩ ክፍት ሆኖ አንተ ስትተኛ ወጥቶ ጓሮ ነው የሚሸናው። በዓይኔ አይቸዋለሁ። አንተን ሲያይ ያመልጠዋል እንጂ። ፈርቶህ ነው። ከጅብ ያዳንከው ራስህ ልትበላው ነው?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስኪ እጅህን አውርድ። እኔንም አስፈራኸኝ" አሉ።

እጄን ለካ አላወረድኩም። ውለታ በዋሉልኝ አሮጊት ራስ ላይ አርጩሜ አንስቼ ቆሜያለሁ። የምገባበት ጠፋኝ።

ውሃ ቀድቼ መጣሁ። ነጃሳ በአንድ ውሃ አይለቅም፤ አፈር እየነሰነሱ፣ እያሹ፣ እንደገና እያለቀለቁ መስገጃውን አጠቡት። እኔ ጎንበስ ብዬ አፈስሳለሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

አርጩሜውን ያኔውኑ ወረወርኩት። በማግስቱ ጠዋት ከሥራ መጣሁ። ቁልፉን ቀስ አድርጌ አዞርኩና ደፉ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ቡችላው በሆዱ እየተሳበ መጣ። ሸና።

"ዛሬስ?" አሉኝ እማማ ከወዲያ በር።

ዛሬስ አልሸናም ብዬ መዋሸት አማረኝ።

"ዛሬም፣ እማማ።"

"አብሽር፣ ይለምድሃል።"

ሽንቱ ላይ አመድ ነሰነስኩ። እጄ ወደሱ በተጠጋ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።