ለእናቴ ያቀድኩት ሽርሽር

በቤተሰባችን ማንኛውም ነገር የሚታቀደው በእኔ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ሠርግ ሆነ ክርስትና፣ ዝርዝሩን የምጽፈው፣ የማዘው፣ የምቆጣው እኔ። ወንድሞቼና እህቴ ከኋላዬ «ሊቀመንበሯ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ፊት ለፊት ደፍሮ የሚለኝ ግን የለም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ጥፋት ለአራታችን የሚካፈል አይደለም። የእኔ ነው።

ካዛንቺስ ያለው የእናታችን ቤት እንደሚፈርስ የሰማነው እኔና ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወንድሜ ነን፣ በር ላይ ቆመን። የመጡት ሰዎች ትሑቶች ነበሩ። ምትክ ቤቱ ከከተማው ዳር እንደሆነና አንድ ወር እንዳለን አስረዱን፤ ከዚያ የግቢውን በር በውጭ በኩል በቀይ ቀለም ምልክት አድርገውበት ሄዱ። እናታችን ውስጥ ነበረች። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከግቢ አትወጣም። ወንድሜ በማግሥቱ አንድ አሮጌ ቆርቆሮ አምጥቶ ቀለሙ ላይ አስደገፈበት። የመጀመሪያው ውሸታችን ያ ቆርቆሮ ነው።

ለምን አልነገርናትም? ደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሟም ድንጋጤ አይስማማትም ብሎናል። ለሰው የምንናገረው ምክንያት ይህ ነበር። እውነቱ ግን ፈርተን ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረችበት፣ አራታችንን ያሳደገችበት፣ አባታችንን አስታማ የሸኘችበት ቤት ነው። ወደ ባምቢስ በኩል ያሉት ቤቶች ሲፈርሱ አቧራው በመስኮት እየገባ የታጠበ ብርጭቆ ላይ ያርፍ ነበርና፣ አንድ ቀን በጣቷ ጠረግ አድርጋ «እኛስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኛ ውስጥ ነን እማዬ፤ መንገድ ዳር ያለው ብቻ ነው» አልኳት። አመነችኝ።

በዚያው ሳምንት ዕቅዴን ይዤ መጣሁ። በደብረ ዘይት መንገድ ከተከፈተ ብዙ ያልቆየ ትልቅ የመጫወቻ ቦታ አለ፤ የውሃ መንሸራተቻ፣ የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ለሽማግሌ ጥላ፣ ለሚያድር ክፍል ያለው። ቅዳሜ ማለዳ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ከሚጠባ ሕፃን እስከ አክስቴ፣ እናታችንን ይዞ ይወጣል፤ እዚያው ያድራል። በዚህ መሀል የእህቴ ባል ከጓደኞቹ ጋር ዕቃውን ጭኖ አዲሱ ቤት ያደርሳል። አልጋዋን፣ ሳጥኗን፣ የአባታችንን ፎቶግራፍ ልክ እንደነበረው ያስቀምጣል። እሑድ በቀጥታ ወደዚያ እንወስዳታለን። ከልጅ ልጆቿ ጋር ስትስቅ ውላ ነገሩን ስትሰማ ይቀልላታል ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ። ያኔ ግን ሁሉም «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ስጋት ብቻ ነበረኝ፤ የመጨረሻው ወንድማችን። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የትም ይሁን የት ለእናቴ በየቀኑ ይደውላል። ውሸት ደግሞ ጨርሶ አይችልም፤ ልጅ ሆኖ ስኳር ሰርቆ ሳይጠየቅ የሚናዘዝ ነበር። ስለዚህ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩለት። «ቤቱ ሊፈርስ ነው። እማዬ አታውቅም። እኔ እስክነግርህ ድረስ እንዳትደውልላት፤ ብትደውልም እንዳታነሣ።» ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። «እሺ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ለታናሽ ወንድሜ የተወለደበትን ቤት መርዶ የነገርኩት እንዲህ ነው።

መርዶ የሚለውን ቃል ዝም ብዬ አላመጣሁትም። እናቴ በሰፈሩ የታወቀችው መርዶ በመንገር ነው። ሰው ሞቶ ለእናት ወይም ለሚስት ማን ይንገር ሲባል የሚጠራው እሷን ነበር። ሥርዓት አላት። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ባለጉዳዩ ከቤት ሳይወጣ፣ ማታ በልቶ ማደሩ ተረጋግጦ። እስከዚያ ድረስ ሰው አንዳች ነገር እንዳያሾልክ ስልኩ ይጠበቃል። ዘመድ በሌላ ምክንያት ይሰበሰባል፤ አንዱ ጸበል አለ ይላል፣ አንዱ መንገድ አለብን ይላል። ከዚያ በትንሹ ይጀመራል፤ «ትንሽ አሞት ነበር»። «ሞተ» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። እጁን ይዛ «በርታ» ትላለች፤ ሰውየው ይገባዋል። እንግዲህ እኛ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው በሽርሽር እናታልላለን ያልነው።

ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ልጄ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተችና ሁሉም የየራሱን ጣጣ ይጽፍበት ጀመር። በምግቡ ነገር ተከራከርን። ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው ሲባል አክስቴ ቋንጣ ፍርፍሩን በሕፃኑ ዳይፐር ቦርሳ አስገባለሁ አለች። ይቺ አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከላንቻ ካዛንቺስ ለመምጣት ሳምንት የምታስብ፣ መኪና ያዞረኛል እያለች ሠርግ የምትቀር ሴት። አሁን ግን እናቴ ፊት ተቀምጣ «እኔማ ውሃው ላይም እንሸራተታለሁ!» ትላለች፣ ከሚገባው በላይ እየጮኸች። እናቴ ዝም ብላ ታያታለች።

ጎረቤቱም መምጣት አበዛ። ሁሉንም አትንገሯት ብለን ለምነናቸው ስለነበር አፋቸውን ጠብቀዋል፤ ግን ሊለያዩ ነውና አላስቻላቸውም። ከወሎ መጥተው አጠገባችን ሱቅ ከከፈቱ ዘመን የቆጠሩት ጎረቤታችን ሐጂ፣ ለሰላምታ ከበር የማያልፉት ሰውዬ፣ ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ። ሲነሡ የእናቴን እጅ ይዘው «አላህ ያበርታዎት» አሏት። እናቴ እስኪወጡ ጠብቃ «ለምንድን ነው የምበረታው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለጉልበትሽ ነዋ» አልኳት። እኔ ውሸት ስናገር ፈጣን ነኝ።

አንድ ከሰዓት ልጄ ሕፃናቱን ሰብስባ በሳሎኑ በር መቃን ላይ ትለካቸው ጀመር፤ ትልቁ መንሸራተቻ ላይ ለመውጣት የቁመት ወሰን አለው። እኛ ልጆች ሳለን አባታችን የለካንበት የእርሳስ ምልክት እዚያው እንጨት ላይ አለ። ሕፃናቱ ይሳሳቃሉ፣ በእግር ጣታቸው እየቆሙ ያጭበረብራሉ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ስታይ ቆየችና «ተዉ በቃ፤ በቁሙ ያለ ሰው እንዲህ አይለካም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ልጄ ሜትሩን አጥፋ ወደ እኔ መጣች። «ማሚ፣ ፕሊስ ንገሪያት በቃ። ማለቴ... ደብሮኛል፤ አያቴ የሆነ ነገር እያሰበች ነው» አለችኝ። «አንቺ የቁመቱን ጨርሺ» አልኳት።

እናቴ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ትጠይቃለች። «ልጄ ለምን አይደውልም?» እኔ ስልኩ ተበላሽቶበት ነው አልኳት። ታላቅ ወንድሙ ሥራ በዝቶበት ነው አላት። አክስቴ ደግሞ በረሃው ኔትወርክ የለውም አለች። አንድ ሆነን መዋሸት እንኳ አልቻልንም። እሷ ስትደውልም፣ እኔ ባዘዝኩት መሠረት፣ አያነሣም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ መጠየቋን አቆመች። እኔ ሞኟ ዕቅዱ ሠራ ብዬ ተነፈስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ንጋቱን እየቆጠርኩ እውነቱን ረስቼው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ስመጣ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ጥቁር ቀሚሷን አየሁት። ለአባታችን ሐዘን የለበሰችው ነው፤ ከሳጥን ወጥቶ ታጥቧል። «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አልኳት። «ለመንገዱ። አቧራ አያሳይም» አለችኝ። ጥቁር ልብስ አቧራ እንደሚያሳይ የማታውቅ ሴት የለችም፣ በተለይ በዚያ ሰሞን ካዛንቺስ የምትኖር። ሰማሁ፤ አላዳመጥኩም። እንዲያውም ለሽርሽሩ መዘጋጀቷ ደስ ብሎኝ ለግሩፑ ጻፍኩላቸው። ሁሉም ልብ ላኩ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የተከራየነው ኮስተር በሩ ላይ ቆመ። አሥራ ሰባት ሆነን ግቢውን ሞላነው። ሕፃናቱ ካልሄድን እያሉ የመዋኛ ጎማቸውን ወገባቸው ላይ አጥልቀዋል። አክስቴ የቋንጣውን ቦርሳ አቅፋለች። የእህቴ ባል ከኋላ ከጓደኞቹ ጋር እኛ እስክንወጣ ይጠብቃል። ከመንገዱ ማዶ የማፍረሻው መኪና ገና ሞተሩን እያሞቀ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች። በዱላ ሳትደገፍ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አንድ በአንድ አየችን። ማንን እንደምትቆጥር የገባኝ ቆጥራ ስትጨርስ ነው። ከልጆቿ አንዱ ብቻ አልነበረም።

«ማታ በልቻለሁ» አለች። «ተሰብስባችኋል፤ ነግቷል። በሉ ንገሩኝ። ልጄን የት ቀበራችሁት?»

አክስቴ «ኧረ በስመ አብ!» ብላ ቦርሳውን ለቀቀችው። እኔ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ ማንም አልሞተም! ቤቱ ነው። ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ እንዳትደነግጪ ብለን ነው።»

እናቴ ራሴን ዳሰሰችኝ፤ አዘነችልኝ። «ቤቱ ነው?» አለች። «እኔም እንዲህ በትንሹ ነው የምጀምረው።»

አላመነችንም። ወንድሜ ሮጦ ሄዶ ቆርቆሮውን አነሣና ቀዩን ምልክት አሳያት፤ አየችው፣ ዓይኗን መለሰች። ለወንድማችን ደወልን። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም» አለን። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደወልን፤ ያው ድምፅ። በረሃ ውስጥ ይሆናል አልን፤ በውሸት ያልነው ነገር አሁን እውነት እንዲሆን ለመንን። ከዚያ በላይ የፈራሁትን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ሳምንት ድምፁን አልሰማሁም። ያ መንገድ መኪና ይገለበጥበታል። እማዬ የጠረጠረችው ነገር እውነት ሆኖ ቢገኝስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

በክፍቱ በር ያለፈ ሰው የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ይህ ካዛንቺስ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አልተፈለገም። አንዲት ጎረቤት ደረቷን እየመታች ገባች። ተከታትለው ሌሎቹ መጡ። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ማንም አልሞተም ስንላቸው በሐዘን ያየናል ሁሉም፤ ለእሷ ገና አልተነገራትም ይሆናል ብለው አፋቸውን ይይዛሉ። የእድሩ ሰው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ድንኳኑን እናምጣ?» አለኝ። ሕፃናቱ ጎማቸውን ወገባቸው ላይ እንዳጠለቁ ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እኔ ወግ ባለው መንገድ እስክነግራት ትጠብቃለች።

አራት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጠራ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት። «አንቺ፣ ሰላሳ ጊዜ የደወልሽው ምን ሆናችሁ ነው? እማዬ ደህና ናት?» አለ ወንድሜ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ መርዶ የምትነግርበት ድምፅዋ መጣ፤ ዝቅ ያለው፣ የማይቸኩለው።

«ልጄ፣ በልተሃል?»

«አዎ እማዬ።»

«መኪናውን አቁመሃል? አጠገብህ ሰው አለ?»

«ረዳቴ አለ። እማዬ ምንድን ነው?»

«በስልክ ስለምነግርህ ይቅር በለኝ። ቤታችን ትንሽ ታሞ ነበር» አለች። ትንፋሿን ሳበች። «በርታ ልጄ።»

ወንድሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያውቅ ነበር። ግን ገና ያን ጊዜ የሰማ ይመስል ጮኾ አለቀሰ፤ ለቅሶው ከስልኩ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። እናቴም ያን ጊዜ አለቀሰች። ማዶ ያለው የማፍረሻ መኪና ሥራውን ጀምሮ ስለነበር እግራችን ሥር ያለው መሬት በስሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲበቃት ስልኩን መለሰችልኝ። ልጇ በሕይወት አለና ነጠላዋን ታስተካክላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላስተካከለችም። የኮስተሩ ሹፌር በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ አሥራ ሰባታችንም መሀል ግቢ እንደቆምን ነን።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለችን። «ለቅሶ ቤት ቆሞ ይዋላል እንዴ?»

ቁጭ አልን።