እማማ አንጓች ያነበቡት ወረቀት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መሠረተ ትምህርት በየመሥሪያ ቤቱ በገባበት ሰሞን ነው። ቀኝ እጄን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የሚታወሰኝ ግን ጣቶቼን ያጣሁበት ደቂቃ ሳይሆን እማማ አንጓች የሚባሉ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ የማሽን ሠራተኛ ነበርሁ። ስምንተኛ ክፍል ስለጨረስሁ ራሴን ከምሁር እቆጥር ነበር። እማማ አንጓች የደቅ ደሴት ሰው ናቸው፤ ሃምሳን ያለፉ የቀን ሠራተኛ። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ።

«እማማ፣ ሚኒስትር ሊሆኑ ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ ሳልፍ።

«አንተ ብቻ ምሳህን ብላ» ይሉኛል ቀና ሳይሉ።

ሞተሩን ከመጭመቂያው ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ የብረት መከለያ ነበረው። ቺንጋው እየተበጠሰ አስቸገረ፤ በተበጠሰ ቁጥር መከለያውን መፍታትና መግጠም ጊዜ ይፈጃል፤ ከላይ ደግሞ «ምርት! ምርት!» ይባላል። ፎርማናችን መከለያውን አስፈትቶ ከመጋዘኑ ጀርባ አስጣለው። አንድ ጧት የወደቀ መፍቻ ላነሣ ጎንበስ ስል ቺንጋው እጅጌዬን ይዞ እጄን ጎተተው። ጮኸው ሞተሩን ያስጠፉት አጠገቤ ይጠርጉ የነበሩት እማማ አንጓች ናቸው። ሦስት ጣቶቼ ግን አልተረፉም።

ሆስፒታል እንደተኛሁ ፎርማኑ ብርቱካን ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አብረን ስንት ቀን በልተን ጠጥተናል። «የአደጋው ሪፖርት ነው። ለካሳህ ስለሚያስፈልግ ፈርምልኝ» አለኝ። በግራ እጄ ሞነጫጨርሁለት።

ከወር በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራን፤ እኔ፣ ፎርማኑ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበርና ምስክር የሆኑት እማማ አንጓች። እሳቸው ከሪፖርቱ ግርጌ ጣታቸውን ካተሙ ነገሩ ያልቃል። ፎርማኑ ቀለሙን ሲያቀርብላቸው፣

«ቆይ እስቲ፣ ላንብበው» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሳቅሁ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብለው ጀመሩ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። «ሠራተኛው... መ... ከ... ለያውን... ራሱ... ፈትቶ...» ሲሉ ቆሙ።

«ማን ነው የፈታው?»

ከወረቀቱ ቀና አሉ።

«ይኸ ልጅ አልፈታውም። ያስፈታው እርሱ ነው» ብለው ወደ ፎርማኑ አመለከቱ። «መከለያው ከመጋዘኑ ጀርባ ወድቋል፤ በየቀኑ ዙሪያውን የምጠርገው እኔ ነኝ። እኔስ በሐሰት ጣቴን አላትምም!»

የሊቀ መንበሩ ፊት ተለዋወጠ። ጥፋቱ የሠራተኛው ነው ከተባለ ካሳ እንደሌለ፣ ከሥራም ሊያስወጣ እንደሚችል የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለት ልጆች ነበሩኝ።

የቀን ሠራተኛ ናቸውና በማግሥቱ አትምጪ ቢባሉ ጠያቂ የላቸውም። ዘመኑም በአንድ ቃል «ፀረ አብዮት» የሚያሰኝ ነበር። እሳቸው ግን እስክሪብቶ ጠየቁ። ከወረቀቱ ግርጌ ያዩትን በተንጋደደ ፊደል ጻፉና በጣታቸው ሳይሆን በስማቸው ፈረሙ። ሥራ አስኪያጁ ሄዶ መከለያውን በዓይኑ አየ። ሪፖርቱ እንደገና ተጻፈ። ካሳዬን አገኘሁ፤ ለእጄ የሚስማማ የመጋዘን ሥራም ተሰጠኝ።

ከቢሮው ስንወጣ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። «ኧረ ተው፣ ተው» ብለው አነሡኝ። ትንሽ እንደሄድን ዞር ብለው፣

«ለመሆኑ አንተ ስትፈርም አላነበብኸውም?» አሉኝ።



እማማ አንጓች ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁት በእሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት የተማረ ሰው አጋጥሞኛል፤ እንደ እሳቸው ያነበበ ግን አላየሁም።